ለዘር ያስቀመጥነው ገብስ

ጎታ ሲከፈት ከውስጡ የሚወጣው የደረቅ ገብስ ሽታ ዛሬም ገበያ መሀል ድንገት ያገኘኛል፤ ያን ጊዜ ሸመታዬን ትቼ መዘዞ፣ ልጅ ሆኜ ወዳደግሁበት ቤት በሐሳብ እመለሳለሁ።

እኛ ጋ በልግ ከዐቢይ ጾም ጋር ነበር የሚመጣው። ዝናቡ መሬቱን ሲያረሰርሰው አባቴ በሬዎቹን ጠምዶ ይወጣ፣ እናቴም የዘሩን ገብስ አበጥራና ለቅማ ታቀብለው ነበር። ሁለቱም ጌታ እንደሚመለስ የሚያምኑት ነገ ፀሐይ እንደምትወጣ በሚያምኑበት ልብ ነበር። እናቴ ለዚያ ቀን ብላ አንድ ያልተለበሰ ነጠላ በሳጥን አስቀምጣ ስለነበር፣ እኛ ልጆች ለሠርግ ልበሺው እያልን ስንወተውታት «ዋናው ሠርግ ገና ነው» እያለች ታሾፍብን ነበር።

አንድ ዓመት፣ የጌታ ዳግም መምጣት በሚታሰብበት በደብረ ዘይት እሑድ፣ ከጣርማ በር በኩል የመጣ ባሕታዊ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ፣ ስምንተኛው ሺህ አልቋል፣ የዘንድሮን አዝመራ የሚበላ የለም ብሎ ተናገረ። ነገሩ ከአባቴ ልብ ገባ። ጎረቤት ሁሉ ሲያርስ እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ሲጸልይ ሰነበተና፣ በመጨረሻ የዘሩን ገብስ አስፈጭተን ለነዳያን እንዘክርበት አለ። ከዚያ ሌላ የቀረን ጥቂት ባቄላ ብቻ ነበር። ዘሩ ከወጣ ክረምቱን ምን እንደምንበላ እኔም በልጅ አእምሮዬ አስቤ ፈራሁ።

እናቴ የአባቴን ቃል አጥፍታ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ጎታውን ተደግፋ ቆመች።

«ለነዳያኑ የራሴን ምሳ እሰጣለሁ» አለችው። «ዘሩን ግን አልሰጥም። ጌታ ሲመጣ ማሳዬን ጦሙን አድሮ አያገኘውም።»

በእኛ አገር ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም፤ ነውር ነው። ሰኞ ጠዋት እናቴ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ በሬዎቹን እየነዳች ወጣችና ጠመደች። ትልሟ እንደ እባብ ይጠማዘዝ ነበር። ጎረቤቶች ሥራቸውን አቁመው ያዩዋት ጀመር፤ እሷ ግን ቀና ብላም አላየቻቸው። ፀሐይ ከፍ ስትል አባቴ ጋቢውን ቤት ጥሎ መጣና እርፉን ከእጇ ተቀበለ፤ እሷም ዘሩን ልታመጣ ወደ ቤት ሄደች። እንደዚያ ቀን በእናቴ ኮርቼ አላውቅም።

ክረምት ሲገባ የዚያን ማሳ ገብስ በላን፤ አባቴም እኛ ሳንቀምሰው በፊት ለነዳያን ሰፍሮ ሰጠ።

ዛሬ የምኖረው ደብረ ብርሃን ከተማ ነው። ያኔ የዓለም ፍጻሜ ወሬ በባሕታዊ እግር፣ በስንት ዓመት አንዴ ነበር የሚደርሰን፤ አሁን በየሳምንቱ በስልኬ ይመጣል፣ እኔም እንደ አባቴ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ የሚያሰኘኝ ቀን አለ። እናቴ አምና በበልግ ዐረፈች። ሳልስቷ በወጣ ማግስት አባቴ ተነሥቶ በሬዎቹን ጠመደ። ሐዘን ላይ ነህ፣ ዘንድሮ እንኳ ሰው ይረስልህ ብንለው አሻፈረኝ አለ።

«ጌታ ሲመጣ እሷም ትነሣለች» አለን። «መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ማሳውን ነው።»