እሺ በይው

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬንም፣ ከአፌ የማይጠፋውን ስድብም ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ምን ብዬ ልጀምርላቸው? አባቴ፣ አዋሽ ቁጭ ብዬ ሰመራ ያለ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቼ ሰው በደልኩ ብላቸው፣ ጠበል ግባ ሳይሉኝ ይቀራሉ? ይህን ሰበብ ስንት ዓመት ተደግፌው ኖርኩ። ሰበብ መሆኑን ከጀመርኩበት ቀን አንስቶ አውቃለሁ።

ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ አዋሽ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም አይርቅም። ደንበኞቼ ግን በጅቡቲ መንገድ ላይ ከመተሐራ እስከ ሰመራ ተበትነዋል፤ ለእያንዳንዱ ብልሽት አውቶቡስ ልሳፈር ብል ኑሮዬ መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። ስለዚህ በየቢሮው ኮምፒውተር ላይ አንድ ፕሮግራም ጫንኩ። ደንበኛው ደውሎ ፕሮግራሙ ላይ የሚወጣውን ቁጥር ያነብልኛል፤ እኔ ቁጥሩን አስገብቼ የሱን ስክሪን እዚህ አያለሁ፣ የሱን ማውስ በኔ እጅ አንቀሳቅሳለሁ። መጠበቅ አልወድም፤ ቁጥር ማስነበቡ ሲሰለቸኝ ማንንም ሳልጠይቅ የምገባበት የይለፍ ቃል አበጀሁ። ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም።

ዘህራ ሰመራ ውስጥ የአንድ ትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ነበረች። ቢሮው በጅቡቲ ድንበር በገላፊ በኩል ለሚያልፉ የጭነት መኪናዎች ሰነድ ያዘጋጃል። በዚያው መንገድ ላይ ያለችው የአዳይቱ ከተማ ልጅ ናት፤ ከቤተሰቧ ቢሮ ገብታ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሰው። አባቷ ከብዙ ልመና በኋላ እንደፈቀዱላት ራሷ ነግራኛለች። ፊቷን አይቼው አላውቅም። የማውሷን አካሄድ ግን ከመቶ ማውስ መሀል እለየዋለሁ፤ ቀስ ብላ፣ አንድ ነገር ከመንካቷ በፊት ቆም ብላ ነበር የምታንቀሳቅሰው።

ስትደውል በብልሽቱ አትጀምርም። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ፣ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ሳያስቀር ይናገራል። በዳጉ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው፤ ሰው በዚያ ወሬ ከብቱን ይነዳበታል፣ መንገድ ይሄድበታላ። ዘህራም ለኔ ለደገኛው ይህንኑ ታደርግልኝ ነበር። የሷን ዳጉ ትነግረኝና «አንተስ ወንድሜ፣ ምን አየህ? ምን ሰማህ?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «ሰላም ነው፣ ይልቅ ምን ተበላሸ?» እላታለሁ። አንድ ቀን እንኳ የረባ ዳጉ አልሰጠኋትም።

ያን ዕለት የደወለችው ፕሪንተሩ አልሠራ ብሏት ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ሰዓት መተሐራ ያለ የአንድ መድኃኒት ቤት አሮጌ ኮምፒውተር ሊሸጥ ስለሆነ በውስጡ ያለውን ሁሉ እየሰረዝኩ ነበር። ሁለቱን ስክሪኖች ጎን ለጎን ከፍቼ፣ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ በራሴ ችሎታ እየተደነቅሁ! ሁሉንም ሰርዝ የሚለውን ትእዛዝ ሰጠሁ። የሰጠሁት ግን በዘህራ ኮምፒውተር ላይ ነበር።

እንዲህ ያለ ከባድ ትእዛዝ ሲሰጥ ኮምፒውተሩ ፈቃድ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ደግሞ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው። የኔ ስክሪን ይጠቁራል፤ ጥያቄውን የምታየው እሷ ብቻ ናት። ስክሪኔ ሲጠቁር የፕሪንተሩ ነገር ነው ብዬ አሰብኩ።

«እሺ በይው» አልኳት።

«ወንድሜ፣ ቀይ ጽሑፍ አለው። እንግሊዝኛዬ ልክ ከሆነ ይጠፋል የሚል ይመስለኛል። ላንብብልህ?»

«የፕሪንተሩ ነው፣ ዝም ብለሽ እሺ በይው።»

እሺ አለችው። አስጠንቅቃኝ ነበር እኮ! ላንብብልህ ያለችኝን ልጅ ዝም በይ ያልኩ እኔ ነኝ። ሰነዱ፣ ፎቶ ኮፒው፣ የመኪናው ዝርዝር፣ የወራት ሥራ ሁሉ አንድ ሻይ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ውስጥ ሄደ። ሊመለስ እንደማይችልም ወዲያው አውቄዋለሁ፤ እንዳይመለስ አድርጎ የሚሰርዘውን የመረጥኩት ራሴ ነኝ።

በነጋታው የቢሮው ባለቤት ደወለ። ሾፌሮቹ ገላፊ ላይ በዚያ ሐሩር ሰነድ እየጠበቁ ቆመዋል። «ልጅቷ የአዋሹ ሰው ገብቶ እሺ በይው ብሎኝ ነው ትላለች። ትናንት ገብተህ ነበር?» አለኝ።

«ኧረ አልገባሁም። ስለ ፕሪንተሩ ጠይቃኝ በቃል ነገርኳት እንጂ። ምናልባት የሆነ ነገር ነካክታ እንዳይሆን» አልኩት።

አልገባሁም! እግሬ ሰመራን አልረገጠምና ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን ለማታለል ሞክሬ ነበር፤ ይህን ያህል ነው የወረድኩት። ምን ፈራሁ? ስሜን ፈራሁ። በዚያ መንገድ ላይ ያለ ደንበኛ ሁሉ ይተዋወቃል፤ አንዱ ካወቀ ሁሉም ያውቃል። የኔ ስም እንዳይነሳ የሷን ስም ሰጠሁ።

ሰውየው ግን አላበቃም። ከአዲስ አበባ ባለሙያ ጠርቻለሁ፣ ማን እንደነካው መርምሮ ያገኘዋል አለኝ። የገባሁበት ሰዓት ደግሞ ፕሮግራሙ ውስጥ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ስልኩን እንደዘጋሁ በዚያችው በምስጢር የይለፍ ቃሌ ገባሁ።

ዘህራ ተቀምጣ ነበር። የጠፋውን ዝርዝር ከወረቀት እያየች እንደገና ትጽፋለች፤ የሰሌዳ ቁጥር፣ የሾፌር ስም፣ የሰሌዳ ቁጥር። ማውሱን እንዳንቀሳቀስኩት ጽሑፏ ቆመ። እጇን እንዳነሳች ገባኝ። ከዚያ በዝርዝሩ መሀል፣ ከአንድ ሾፌር ስም ሥር፣ በፈረንጅ ፊደል ባማርኛ አንድ አንድ ፊደል እየለቀመች ጻፈች።

«ወንድሜ አንተ ነህ?»

ቆየችና ቀጠለች።

«እባክህ ንገራቸው። አባቴ አምኖ ነው የላከኝ።»

እኔ ምን አደረግሁ? ገጹን ዘጋሁት። ኮምፒውተሩ የተጻፈው ይቀመጥ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይቀመጥ አልኩት። ልመናዋም ከጠዋት ጀምሮ ስትጽፈው የዋለችው ዝርዝርም አብረው ጠፉ። ቀጥዬ ፕሮግራሙ ከነመዝገቡ እንዲነቀል አዘዝኩ። ያኔ ስክሪኔ ጠቆረ።

ፈቃድ የሚጠየቀው ወንበሩ ላይ ያለው ሰው መሆኑን ረስቼው ነበር። ጥያቄው እሷ ፊት ወጥቷል። አይ ብትለው ኖሮ መዝገቡ ይቀራል፣ ባለሙያው ያገኘዋል፣ እሷ ነጻ ትወጣለች። ጥቁሩን ስክሪን እያየሁ ቁጭ አልኩ። በልቤ ምን ስል እንደነበር ታውቃላችሁ? እሺ በይው፣ እሺ በይው፣ እሺ በይው።

እሺ አለችው።

ለምን? የጠፋውን ልመልስላት የመጣሁ መስሏት ይሆን? ወይስ እኔ ካለሁበት አይ ማለት አታውቅም ነበር? ወይስ ሁሉም ገብቷት ተወችኝ? ይህን እስካሁን አላወቅሁም። ዛሬም ስሠራ ስክሪኔ በጠቆረ ቁጥር፣ ከዚያ ጥቁር በስተጀርባ እሷ እጇን አንስታ የተቀመጠች ይመስለኛል። እፈራለሁ፤ ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ሰው ስክሪን ይፈራል።

ባለሙያው ምንም አላገኘም። ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ዋለ። ዘህራም ከሥራ ወጣች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሰመራ ስሄድ ገዋኔ ላይ አንድ የአፋር ሽማግሌ ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። ሰላምታ ሰጡኝና ዳጉ ጀመሩ፤ ስለ ውሃው፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ አንድ የተገለበጠ መኪና። ከዚያ እንዲህ አሉኝ።

«አዳይቱ አንዲት ልጅ አለች። ሰመራ ቢሮ ትሠራ ነበር። ሰው የሌለው እጅ መጣ፣ ሥራዋን አጠፋ፣ ጥፋቱ የሷ ሆነ። አባቷ ያምናታል፣ እኛም እናምናታለን፣ ወላሂ ልጅቷ በዳጉ አትዋሽም። ግን አባቷ ታናሽ እህቷን ቢሮ አልልክም አለ። ሰው የሌለው እጅ በሚገባበት ቤት ልጄን አላስቀምጥም አለ። የእጁን ባለቤት ያየ እስካሁን የለም። አሁን አንተ፣ ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

እጆቼ ጉልበቴ ላይ ነበሩ። ከሳቸው እጅ አንድ ስንዝር አይርቁም።

«ምንም የለም። ሰላም ነው» አልኳቸው።

አዳይቱ ላይ ወረዱ። እኔ የመስኮቱን መጋረጃ ሳብኩት። ከዚያ ወዲህ በዚያች ከተማ ባለፍኩ ቁጥር መጋረጃውን እስባለሁ፤ ተሳፋሪው ፀሐዩን የፈራሁ ይመስለዋል።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። ወጣት ነበርኩ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ተሳስቼ ነው፣ አልልም። የመጀመሪያው እሺ ስሕተት ነበር፤ ሁለተኛው ግን ስሕተት አይደለም። ይህን የጻፍኩት በዚያ መንገድ ወሬ ከሰው ወደ ሰው እንደሚሄድ ስለማውቅ ነው። ገዋኔ ላይም ሆነ ሰርዶ ላይ አንድ የአፋር ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ምን ሰማህ ካላችሁ፣ ይህን ሳታስቀሩ ንገሩልኝ። አዳይቱ ይደርሳል። ለዘህራ የምሰጣት የመጀመሪያው ዳጉዬ ይኸው ነው፣ ለጠየቀችኝም መልስ ነው።

እኔ ነኝ።