የአባባ ባሌስትራና የእህቴ ቢላዋ

ጉዞ ለመባል ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጌጃ ሰፈር አብነት ድረስ ብረት ተሸክሞ የሄደ ሰው ይመሰክርልኛል።

የወጣሁት ለእህቴ ለሄለን ሰርግ ነው። በመልሱ ቀን አባባ ድፎውን የሚቆርስበት፣ በእጅ የተሠራ ያማረ ቢላዋ ያስፈልጋል። ከዚያ ቢላዋው ከእሷ ጋር ወደ አዲሱ ቤቷ ይሄዳል። ጭቅጭቁ ብረቱ ላይ ነው። አባባ ድሮ ይነዳው ከነበረው ኤንትሬ የጭነት መኪና የተፈታ ባሌስትራ አለው፤ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ወፍራም የብረት ዝርግ። ለዓመታት የበራችን ማስደገፊያ ነበር። አባባ ቢላዋው ከእሱ ካልወጣ አለ። ሄለን ደግሞ ስቴንለስ ካልሆነ፣ ፎቶ ላይ ቦግ የሚል። የአባባ ወገብ አያስኬደውም፣ ሄለን ቬሎ ልትለካ ነው፤ መምረጡ እኔ ላይ ወደቀ። ሁለቱም ለየብቻ ጠርተው "የኔን ምረጪ" አሉኝ።

ጠዋት

ባሌስትራውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ታክሲ ጋ ቆምኩ። ወያላው አየኝና "እህት፣ መኪናውን ፈታተሽ ነው የመጣሽው?" አለ። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። "ወንበር ይቀድብኛል፣ አልጭንም።"

በእግሬ ሄድኩ። ልደታ ማርያም ስደርስ ትከሻዬ ደንዝዟል። ከረጢቱን አጥሩ ስር አስቀምጬ ተሳለምኩ። ለሰርጉ ልጸልይ አስቤ ለትከሻዬ ጸለይኩ።

አብነት

ቢላዋ ሠሪው ጋሽ ታደሰ ባሌስትራውን ከጫፍ ጀምረው በመዶሻ አንኳኩት። መሀል ላይ ያለው ቀዳዳ አጠገብ ድምፁ ታፈነ።

"እዚህ ጋ ተሰንጥቋል፣ የኔ ልጅ። ብዙ ተጭኖበታል። ከዚህ ወዲያ ያለው ግን ጤነኛ ነው።"

የተሰነጠቀውን ወገን ቆርጠው ለዩት። እሱኑ ለናሙና በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው እስከ ልስልሱ፣ አንድ ጣት የሚያህል ቦታ ፈተጉልኝ። የደከመ ፊቴ ወለል ብሎ ታየኝ። ከዚያ እሱ ላይና አንድ ቁራጭ ስቴንለስ ላይ ሎሚ ጠብ አደረጉ። ባሌስትራው ወዲያው ጠቆረ፤ ስቴንለሱ ምንም አልመሰለውም።

"ይሄኛው ስለቱን ይይዛል፣ ግን ዘይት ይፈልጋል። ያኛው አያስቸግርም፣ ግን ቶሎ ይዶለድማል።"

ጎማ ላይ ተቀምጬ ለሄለን ደወልኩና ነገርኳት።

"ቢላዋ ስቀባ ልኑር? የማገባው ባሌን ነው ወይስ ቢላዋውን?"

ጋሽ ታደሰ ሰምተው "ሁለቱም ካልተያዙ ይዝጋሉ በያት" አሉ።

ሳቀች። ቀጥላ ግን "እንዳሻሽ፣ ደክሞኛል" ብላ ዘጋችው። ይሄ እሺ ይሁን ኩርፊያ አልገባኝም።

መረጥኩ። ባሌስትራ፣ ፊቱ እንደ መስታወት፣ ጀርባው የመዶሻው ምት እንዳለበት ጥቁር ይቅር። ለእጀታው ቀንድም ነበር፤ ሲፈተግ ሽታው አልተስማማኝም። ወይራ አልኩ፣ ከሁለት የነሐስ ሚስማር ጋር። "ዓይን አለሽ" አሉኝ። ይህቺን ቃል ይዤ ድካሜን ለአፍታ ረሳሁት።

ማታ

ጤነኛውን ቢላዋ እንዲያደርጉት ለጋሽ ታደሰ ትቼ፣ የተሰነጠቀውን ግማሽ ይዤ ተመለስኩ። ያው ወያላ "ግማሹን ሸጥሽው?" ብሎ አሳፈረኝ።

አባባ ጋደም ብሏል። ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። "እንዲህ ሆኖ ነው ለካ የተሸከመኝ" አለ።

ሄለን ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ ብረቱን ተቀብላ የተወለወለው ቦታ ላይ ቅንድቧን አየች። አጠገቡ ያለችውን የሎሚ ጥቁረት በጥፍሯ ፋቀች፤ አልለቀቀም። አባባ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ጠብ አደረገላት። በጨርቅ ማሸት ጀመረች።

"ቀስ። ወደ አንድ በኩል ብቻ።"

"በየስንት ጊዜው ነው እንዲህ የሚደረገው?"

"በየሳምንቱ" አለ አባባ፣ ቀና ሳይል። "ቢላዋውን ይዘሽ ሂጂ። ዘይቱ ግን እዚህ ነው ያለው።"

ሄለን ማሸቷን ቀጠለች። ብረት ለመምረጥ ነበር የሄድኩት፤ አባባ ባሌስትራውን የፈለገው ሄለን በየሳምንቱ ለዘይቱ እንድትመጣለት መሆኑ የገባኝ ግን ያኔ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።