አዝማቹን ኮፒ ፔስት ላደርግ ስል

ዛሬ የስቱዲዮዬ የመጀመሪያ ደንበኛ ሄድፎናቸውን አውልቀው ጃኬታቸውን አነሱ። ጥፋቱ የኔ ነው።

የኤመሪቪሉን የቢሮ ሥራ ኩዊት አድርጌ፣ ፍሩትቬል ሰፈር ያለውን የቤታችንን ጋራዥ ስቱዲዮ ካደረግኩት ገና ሦስት ሳምንቴ ነው። (ባቡር ሲያልፍ ቀረጻ እናቆማለን፤ እረፍት ነው በሉት።)

ጋሽ ኪዳኔ ሰባን ያለፉ የአስመራ ሰው ናቸው። ታክሲ እየነዱ ለዓመታት ሲያንጎራጉሩት የኖሩትን የራሳቸውን ዘፈን ሊቀዱ መጡ። አዝማቹን አንዴ እንደዘፈኑ፣ "ይበቃል ጋሼ፣ የቀረውን ኮፒ ፔስት አደርገዋለሁ" አልኳቸው።

"የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ላይ 'ነይ' ስላት እኮ እየለመንኳት ነው። መጨረሻ ላይ ግን እንደማትመጣ አውቄያለሁ። እንዴት አንድ ይሆናል?" አሉኝ ጃኬታቸውን እያነሱ።

ይቅርታ ጠይቄ መለስኳቸው። አዝማቹን አራት ጊዜ ዘፈኑት። በአራተኛው 'ነይ' የምትለዋን ሳግ ቆረጣት። እሱን የሚያስተካክል ሶፍትዌር አለኝ፤ አልነካሁትም፣ አልነካውምም።

ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ጋራዥ ውስጥ አዝማች ኮፒ አይደረግም። ጊዜ ይፈጃል? ይፍጅ!

እናንተንስ ሥራችሁን እንደ አዲስ ያስተማራችሁ ደንበኛ አለ? እስቲ ጻፉልኝ። የተዘፈነላት ማን ናት ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁኝ፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኳቸውም።