ሳይጠይቁ በር የማይዘጉት መምህር ዱጋሳ

መምህር ዱጋሳ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አምቦ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው ተማሪያቸው የነበርኩት አልማዝ ነኝ። በቀብራቸው ዕለት የእኛ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ማኅበር ሰዎች የአበባ ጉንጉን ይዘው ከፊት ተሰልፈው ሳይ ደሜ ፈላ። የተነበበው የሕይወት ታሪካቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ባዮሎጂ ማስተማራቸውን ተናገረ፤ ስለ መነጽሩ ገጽ ግን አንዲት ቃል አልነበረችበትም። አፍረንበት ነው። ያፈርነው ደግሞ በእሳቸው ነው፤ በራሳችን ማፈር ሲገባን!

ለማታውቁት ልንገራችሁ። መምህር ጡረታ ከወጡ በኋላ ኢንተርኔት ላይ የጥያቄና መልስ ገጽ ከፈቱ። በገጹ ዳር ማስታወቂያ ይታያል፤ ለዚያ አስተዋዋቂው ድርጅት በጎብኚው ቁጥር ልክ ይከፍላል፤ በክፍያው ጥቁር ሰሌዳ አጥርተው ለማያዩ ተማሪዎች መነጽር ይገዛል። የመነጽሩን ካርቶን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሚኒባስ እስከ ባኮ ይወርዱ ነበር። አንድ ቀን በመንገዱ ላይ ባለችው እጃጂ ከተማ አብሬያቸው ነበርኩ። ጫልቱ የምትባል ተማሪ መነጽሯን አድርጋ ቀና አለችና በኦሮምኛ «ባርሲሳ፣ ለካ ሽማግሌ ኖት!» አለቻቸው። ባርሲሳ መምህር ማለት ነው። እሳቸውም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ስንመለስም ለሚኒባሱ ሰው ሁሉ «ሽማግሌ መሆኔን ዛሬ ተነገረኝ» እያሉ ሲያወሩ መጡ።

ቦቶች የወረሩት ይህን ገጽ ነው። ቦት ማለት ሰው ሳይነካው በራሱ ገጽ እየከፈተ ማስታወቂያ የሚጫን ፕሮግራም ነው። አስተዋዋቂው ቦት ሲያይ አጭበርባሪ ብሎ የሚይዘው የገጹን ባለቤት ነው። ስለዚህ መምህር በየማለዳው የጎብኚዎቹን ዝርዝር እንደ ፈተና ወረቀት ያርሙ ነበር፤ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አግዛለሁ። «ሰው ይሳሳታል፣ ያስባል፣ ሻይ ሊጠጣ ይነሳል። ሳይሳሳት፣ ሳያርፍ የሚሮጠውን ጠርጥሪው» ይሉኝ ነበር።

ቢሆንም በጥርጣሬ ብቻ አይዘጉም። አንድ ጊዜ ጊንጪ ተብሎ የተመዘገበ ጎብኚ ያለ ፋታ ሲመላለስ አየሁና «ይዘጋ» አልኳቸው። «ሱታ፣ ልጄ፣ ቀስ በይ። ሳንጠይቅ በር አንዘጋም» ብለው ጊንጪ ትምህርት ቤት ደወሉ። ለካ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ ኮምፒውተር እየተፈራረቀ ኖሯል።

ከዚያ የማኅበራችን በዓል ደረሰ። ልናከብራቸው ፈልገን የገጹን ጎብኚዎች ቁጥር በባነር ላይ ልናጽፍ አሰብን። ቁጥሩ ግን ለባነራችን አነሰብን። ሊቀመንበሩ «ድንኳን ተክሎ እንግዳ ማጣት ነውር ነው፤ እንሙላላቸው እንጂ!» አለ። የሠርግ ቤት እንዳይጎድል ጎረቤት እንደሚጠራው መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጎብኚ የሚሸጥ ሰው ተገኘ። እጅ አውጡ ተባለ፤ ሁላችንም አወጣን። ሌላው የሚገዛው ቦት እንደሆነ አላወቀም ይባል። እኔስ? ማለዳ ማለዳ ከመምህር ጎን የምቀመጠው እኔ አይደለሁ? ለይሉኝታ ብዬ እጄን አወጣሁ።

ገጹ በቦት ተጥለቀለቀ። መምህር ሲዘጉ ውለው ሲዘጉ አደሩ፤ አልቻሏቸውም። አስተዋዋቂው ድርጅት አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ ክፍያውን አቆመ፤ ለባኮ ልጆች የታሰበው መነጽርም በዚያው ቀረ። ከተማው «ሽማግሌው ማሽን አሰማርተው ሲያጭበረብሩ ተያዙ» አለ። ሊቀመንበራችን ወሬውን ሲሰማ ምን አለ መሰላችሁ? «ሰው አይታመንም!» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። እኔንም ጨምሮ ማንም አፉን አላስያዘውም። መምህር ግን ሰው ፊት መቆም ከበዳቸው፤ ከዚያ በኋላ በገበያው በኩል ማለፍ ተዉ።

መምህር፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው። ያን ሰሞን ደውለው «ልጄ፣ ከእኛ ሰው ያስገባቸው ይኖር ይሆን? ሳልጠይቅ ማንንም ማማት አልፈልግም» አሉኝ። «አላውቅም፣ መምህር» አልኩዎ። «እንግዲያው ከሩቅ የመጡ ናቸው» ብለው አመኑኝ። ምነው ባያምኑኝ ኖሮ! ምነው አንድ ጊዜ ቢቆጡኝ!

አርባዎ ሲወጣ ይህን ወረቀት ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ አነባለሁ፤ ሊቀመንበሩ ቢፈልግ ተነስቶ ይውጣ። እርስዎ ንጹሕ ነዎት፤ ቦቶቹን ያስገባናቸው እኛ ነን። ደህና ይረፉ፣ መምህሬ። ለጥያቄዎ መልሱን ዘግይቼ አመጣሁት፤ አውቅ ነበር።