ኢመልዳ ለላር ያመላለሰችው ሾርባ

ልጇ የጠፋ ዕለት ኢመልዳ ቱሚ ለምሳ ቋሊማና ድንች ቀቅላ ነበር። ጌቪን እንደቆመ ሁለት ማንኪያ ቀመሰና፣ "የቀረውን አቆዪልኝ፣ አሥር ሰዓት ሳይሞላ መጣሁ" ብሏት ወጣ። የየካቲት ማክሰኞ ነው፣ ከስንት ቀን ዝናብ በኋላ ፀሐይ የወጣችበት። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

እኔና ኢመልዳ ክራምሊን በሚባል ሰፈር ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቶች ነን። በሯ ሲዘጋ ሰማሁ። በመስኮት ሳይ ጌቪን ጃኬቱን እየለበሰ ወደ ማዕዘኑ ሄደና አንዲት ብርማ መኪና ውስጥ ገባ። መኪናዋን አውቃታለሁ። የላር ቤግናል ናት።

ጌቪን ጎማ ቤት ይሠራ ነበር። ከዚያ ውጭ ለእነ ላር መኪና ይነዳ እንደነበር የማያውቅ ሰው አልነበረም። እኛ ሰፈር ማን ምን እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል፣ የሚናገር ግን የለም። ከገና በኋላ ፖሊስ አንድ መጋዘን ሰብሮ የእነ ላርን ዕቃ፣ ያንን ነጭ ዱቄታቸውን፣ በሙሉ ወሰደው። "ከውስጣችን የተናገረ አለ" ተባለ። ማን እንደሆነ ሳያጣሩ ጣታቸውን ጌቪን ላይ ቀሰሩ።

ጌቪን በጠፋ በሦስተኛው ቀን ላር ራሱ ኢመልዳ ቤት መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ወጥ ቤቷ ተቀመጠ፣ ሻይዋንም ጠጣ።

"እትዬ ኢመልዳ፣ አይጨነቁ። ልጅ አይደል፣ አንዷን ይዞ እንግሊዝ ተሻግሮ ይሆናል። እኔም እያስፈለግኩት ነው።"

የጌቪን ፎቶ ያለበትን ወረቀት አብሯት ለጠፈ። በመጠጥ ቤቱ መስኮት ላይ ያለውን በገዛ እጁ ነው የለጠፈው።

በማግስቱ አላስችል አለኝና በጓሮ አጥር ጠራኋት። "ኢመልዳ፣ ልጁ የገባው ላር መኪና ውስጥ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ለፖሊስ ትነግሪልኛለሽ?" አለችኝ።

አልነገርኩም። ፖሊስ በሬን ሲያንኳኳ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ ነበር፣ ምንም አላየሁም አልኩ። እኔም ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ኢመልዳ የነገረቻቸውን ይዘው ላርን ሁለት ቀን አስረው፣ ምስክር ስላጡ ለቀቁት። ኢመልዳ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። በሳምንቱ አንድ ሰው አጥሯ ላይ በቀይ ቀለም "ጠቋሚ" ብሎ ጻፈባት። ግማሽ ቀን ሙሉ አብረን ስንፈትግ ዋልን። ቃሉ እየደበዘዘ ሄደ እንጂ አልጠፋም።

ልጁ ተራራው ላይ ተቀብሯል የሚለው ወሬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከከተማው በስተደቡብ ያለው ተራራ ደግሞ ማለቂያ የለውም፤ ረግረግ፣ ቁጥቋጦ፣ የጥድ ደን፣ እንደገና ረግረግ። ኢመልዳ ግን ጀመረች። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ የብረት ዘንግ ይዛ በአውቶቡስ ትወጣለች። እኔም አብሬያት መውጣት ጀመርኩ። ማድረግ የምችለው እሱን ብቻ ነበር። አሠራሩን ያሳያት ሃንራቲ የሚባል መርማሪ ነው፤ ዘንጉን መሬቱ ውስጥ እስኪቆም ትከቺዋለሽ፣ ትነቅዪዋለሽ፣ ከዚያ ጫፉን ታሸቺዋለሽ። መሬቱ የያዘው ነገር ካለ ሽታው ይናገራል።

አንዲት እናት ልጇን በማሽተት ስትፈልግ አይቻለሁ። ዘንጉን ነቅላ፣ ዓይኗን ጨፍና ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋዋለች። ከዚያ "አይደለም" ትላለች፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ትሄዳለች።

አንድ ቀን የአውቶቡሱ ሾፌር ጭቃችንን አይቶ፣ "እናንተ ሴቶች፣ ወርቁን አገኛችሁት?" ብሎ ቀለደ።

"ልጄን ነው የምፈልገው" አለችው።

ሾፌሩ ዳግመኛ አልቀለደም። ከዚያ ወዲህ ከመጨረሻው ማቆሚያ አሳልፎ ተራራው ሥር እስካለው ድልድይ ያደርሰን ነበር።

አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። ባሏ በመካከሉ ሞተ። ልጇ ካረን አግብታ ወለደች። ኢመልዳ ሰባ አራት ሞላት፣ ጉልበቷም አስቸገራት። የእነ ላር ወገን በየአገሩ ተበተነ፤ ከፊሉ እስር ቤት ገባ፣ ከፊሉ ሞተ፣ የቀረው ባሕር ማዶ ቪላ ገዛ። ላርም ስፔን ነው ይባል ነበር።

አንድ ጠዋት የሥራ ዝርዝሬን ሳይ ስሙን አገኘሁት። ሥራዬ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ሄዶ ማጠብና ማልበስ ነው። "ላረንስ ቤግናል፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት፣ የሳንባ ካንሰር፣ ብቻውን የሚኖር፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል" ይላል። ለመሞት እናቱ ቤት ተመልሶ ነበር፤ ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ።

የበሽተኛ ጉዳይ ከቤቱ አይወጣም፣ ይህ የሥራው ሕግ ነው። ያን ቀን ከሰዓት ለኢመልዳ ነገርኳት። አንዴ ዝም ብዬ ምን እንዳተረፍኩ አውቀዋለሁና።

ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። "ምግብ ይበላል?"

"ጠጣር ነገር አይወርድለትም።"

"ሾርባስ?"

በማግስቱ ጠዋት በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ላር መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የፈረስ እሽቅድድም ወሬ በሬዲዮ ያዳምጣል። ያ ትከሻው በር የሚሞላ ሰውዬ ካፖርት የለበሰ ወንበር መስሏል። ሲያያት ሬዲዮውን ዘጋ።

"እትዬ ኢመልዳ።"

"ላር።"

"ሊመርዙኝ ነው የመጡት?"

"ብመርዝህ ማን ይነግረኛል?" አለችው። "ገብስና ካሮት ነው። ትኩስ ሳለ ጠጣ።"

ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነና ጀርባውን መታ መታ ያደረገችለት እሷ ናት። እጇ ጀርባው ላይ ሲያርፍ እኔ መመልከት አልቻልኩም፣ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ ሲቀር አልቀረችም። ገብሱን እስኪለሰልስ ትቀቅለዋለች፣ ዶሮውን ፈትፍታ ታጠልለዋለች፣ በፎጣ ጠቅልላ ይዛ ትመጣለች። የሚያወሩት ስለ እናቱ፣ ስለ ድሮው ትምህርት ቤት፣ ስለ ፈረስ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ጌቪን አንድ ቃል አላወጣችም። በአራተኛው ሳምንት ልትወጣ ስትል በሩን ይዛ ዞር አለች።

"ላር፣ የት ነው?"

"የሚሉት አልገባኝም፣ እትዬ።"

"እሺ። ነገ የአተር ነው የምሠራልህ።"

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ስትወጣ ትጠይቀዋለች፣ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣታል። ልክ እንደ ደህና ዋል፣ ደህና ዋሉ ሆነ።

ሰፈሩ ወሬውን ለመስማት ጊዜ አልወሰደበትም። ሥጋ ቤት ተሰልፈን ሳለ ከኋላችን የቆመችው ጆአን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "እኛም ሾርባ እንዲመጣልን ሰው እንግደል እንዴ?" አለች። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ኢመልዳ ወደ ሥጋ ሻጩ ብቻ እያየች፣ "የዶሮ ክንፍ፣ አጥንቱ ይብዛ" አለችው።

ከሁሉም የከፋችው ግን ካረን ነበረች። አንድ ቅዳሜ መጥታ እናቷን ምድጃው አጠገብ አገኘቻት። ግድግዳው ስስ ነውና ሁሉንም ሰማሁት።

"እማዬ፣ ይሄ ለማን ነው?"

"ታውቂያለሽ።"

"ወንድሜን እኮ ነው የበላብን! አንቺ ታጎርሺዋለሽ?"

"የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።"

"አይነግርሽም! እየተጫወተብሽ ነው፣ አይታይሽም? ብቻውን ስለሆነ ነው የሚያቆይሽ።"

"ይጫወትብኝ። እስኪሞት ጊዜ አለኝ።"

"እንግዲያው እሱ እስኪሞት እኔን አትጥሪኝ" አለችና በሩን ወርውራ ዘግታ ሄደች። ልጆቿንም ማምጣት አቆመች።

ካረን አልተሳሳተችም። ላር ይጠብቃት ጀምሮ ነበር። የቀድሞ ጓደኞቹ አንድም አልመጡም፤ የሥጋ ዘመዶቹ በስልክ ነው የሚጠይቁት። ጠዋት ሳለብሰው "ዛሬ ምን ይዛ ትመጣለች?" ይለኛል። አንድ ቀን ዘግይታ በመጣች ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደ ሕፃን አኮረፋት። እሷም ስታባብለው አየሁ። አስፈራኝ። የትኛው የትኛውን እየጠበቀ እንደሆነ መለየት አቅቶኝ ነበር።

በአምስተኛው ወር፣ መስከረም ላይ፣ አንድ ኩባያ ጨርሶ የማይጠጣበት ደረጃ ደረሰ። ያን ቀን እኔም ነበርኩ። ኢመልዳ አፉን ጠርጋለት ልትነሳ ስትል እጇን ያዘ።

"እሱ አልነበረም" አላት።

"ምኑ?"

"የተናገረው። ጌቪን አልነበረም። በወሩ አወቅነው፤ ሌላ ሰው ነበር።"

ኢመልዳ እጇን አላስለቀቀችም። "ምን አላችሁ ሲገባችሁ?"

"ምንም። ምን እንላለን?" አለ። "ያኔ ከኔ ጋር የሄደው ሌላው ሰውዬ አሁንም አለ፣ እትዬ። የልጅ ልጆች አሉኝ። ለዚያ ነው እንጂ..."

"ላር። የት ነው?"

ወረቀት ጠየቀኝ። የመድኃኒቱን መመሪያ ገልብጬ ሰጠሁት። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ካርታ ሣለልን፤ የተራራውን መንገድ፣ የደን በር፣ የፈረሰ የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ ወዲያ ወደ ግራ ሃያ እርምጃ። "ጭጋግ ነበር" አለ። "ሃያ ይሁን ሠላሳ እንጃ። ግን ከካቡ ወዲያ ነው።"

"ፈርቶ ነበር?" ብላ ጠየቀችው።

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። ከዚያ፣ "አይ፣ ምንም አላወቀም" አላት። ውሸቱን ነው። ውሸቱን እንደሆነ ሦስታችንም አውቀነዋል። እሷም "እግዚአብሔር ይስጥህ" አለችው።

ሃንራቲ ጡረታ ሊወጣ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ወረቀቱን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ተቀበለ። በሳምንቱ ፖሊስ ውሾችና ቁፋሮ ማሽን ይዞ ወጣ። እኔና ኢመልዳም ሄድን። ካረንም መጣች፤ አልተነጋገሩም፣ ግን አንድ ጃንጥላ ሥር ቆሙ።

ከደን በሩ ስናልፍ እዚያ ደን የለም። ጥዱ ተቆርጦ፣ እንደገና ተተክሎ፣ ያም ተቆርጦ ነበር። ከባድ መኪና መሬቱን አርሶታል። የካቡን ድንጋይ ለመንገድ መሥሪያ ጭነው ወስደውታል፤ የት እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። ሃያ እርምጃ ከምን ይቆጠራል? ሦስት ሳምንት ቆፈሩ። የበግ አጥንት አገኙ፣ የዛገ ሰንሰለት አገኙ።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ላር ሞተ። ቁልፉን ይዤ ስገባ ነው ያገኘሁት። ኢመልዳ በአራት ሰዓት ሾርባዋን ይዛ መጣች፣ እኔ ምንም ሳልናገር ገባት። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ስለ ጌቪን የምታለቅስ መስሎኝ አቀፍኳት። አይደለም።

"ለሱ ነው የማለቅሰው" አለችኝ። "ፊሎ፣ ለሱ እኮ ነው። ለምጄዋለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?"

ሾርባውን ከእጇ ተቀብዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

ቁፋሮው ሲቆም ሃንራቲ ቤቷ ድረስ መጥቶ ነገራት። "ዋሽቶኝ ነው ወይስ ዘንግቶ?" አለችው።

"አላውቅም፣ እትዬ ኢመልዳ። ለሃያ ዓመት ውሸታሞችን ሳነጋግር ኖሬ ይህን መለየት አልቻልኩም።"

ሻይ ቀዳችለት፣ ብስኩት አቀረበችለት። ሲወጣ እስከ በር ሸኘችው። ከዚያ ወዲያ ተራራ አልወጣችም። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ትቀመጣለች፣ እስኪመሽ።

ሁለት ዓመት ኖረች። ካረን ልጆቹን መልሳ ማምጣት ጀምራ ነበር፣ ግን አያታቸውን አያውቋትም፤ ብስኩት በልተው ስልካቸውን እያዩ ይውላሉ። ካህኑ የጌቪንን ስም በባሏ መቃብር ድንጋይ ላይ እናስቀርጸው ብለው ነበር። "እሱ ከሥሩ ሳይኖር?" ብላ እምቢ አለች። እሷ ስትሞት ካረን የእናቷንም የጌቪንንም ስም አስቀረጸች።

መዝገቡ አልተዘጋም ይላሉ። ሃንራቲን የተካው ወጣት መርማሪ በየዓመቱ በየካቲት ለካረን ይደውልላታል፤ አዲስ ነገር እንደሌለ ይነግራትና የስልክ ቁጥሯ እንዳልተቀየረ ይጠይቃታል።