ጁማታይ የሸለተው ጭራ

ጁማታይ ኑሮውን የገፋው የሰው ፈረስ ላብ እየቀመሰ ነው። ስድብ አይደለም፤ ሙያው ነው። በእኛ መንደር በካራቡላክ ለውድድር የሚዘጋጅ ፈረስ በወፍራም ሱፍ ተጠቅልሎ ይጋለባል፣ ላብ በላብ እስኪሆን። ከዚያ አሠልጣኙ ላቡን በጣቱ ጠርጎ ምላሱ ላይ ያደርጋል። ጨው ጨው ካለ ፈረሱ ገና ነው። እንደ ምንጭ ውሃ ጣዕም ሲያጣ፣ ያኔ በቃ። ጁማታይ ቀምሶ «ደርሷል» ካለ ደርሷል፤ «ገና ነው» ካለ ደግሞ ባለቤቱ ሚኒስትርም ቢሆን ፈረሱን አስሮ ይቀመጣል። አርባ ዓመት ሙሉ ቃሉ መሬት ጠብ ብሎ አያውቅም።

የራሱ የሚለው ፈረስ ግን ኖሮት አያውቅም። ዝነኛው ፈረስ ሱንካርም የእሱ አልነበረም፤ የአብሮ አደጉ የኦሪንባሳር ነበር። ሱንካርን የመረጠው ግን ጁማታይ ነው። ከገበያ ሲያመጡት እግሩ የሸምበቆ ያህል የቀጠነ ዳማ ውርንጭላ ነበርና መንደሩ ሳቀባቸው። «ኦሪንባሳር፣ ይኼን የገዛኸው ልብስ ልታሰጣበት ነው?» አሉት። ያ የልብስ ማስጫ በስድስት ዓመት አሥራ ሦስት ጊዜ አንደኛ ወጣ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሮጦ ሲገባ ሌሎቹ ገና በአቧራ ውስጥ ናቸው። አንዴ ነጭ መኪና ተሸልሞ፣ ኦሪንባሳር መንዳት ስለማይችል በፈረስ አስጎትቶ ወደ ቤቱ አስገባት። ጉድ እኮ ነው!

ሱንካር በአሥራ አራት ዓመቱ የፊት እግሩ ጅማት ተጎዳና ሩጫ አቆመ። እኛ ፈረስ እንበላለን፤ ከብርዱ በፊት አንድ የሰባ ባዝራ ያላረደ ቤት፣ ቤት አይባልም። ስለዚህ የሱንካር መጨረሻ ለማንም እንቆቅልሽ አልነበረም። ኦሪንባሳር ራሱ እየሳቀ፣ «ሲያረጅ እኛው እንበላዋለን፤ ከባዳ ሆድ የዘመድ ሆድ ይሻለዋል» ይል ነበር። ጁማታይ አይስቅም። ላቡን የቀመሰውን ፈረስ ሥጋውን መብላት አይሆንለትም፤ ይኼን ግን ለማን ይንገር? በእኛ ዘንድ ፈረስ አልበላም ማለት እናቴን አላውቃትም እንደማለት ነው።

ኦሪንባሳር ድርቆሽ ሲያጭድ ጁማታይ አጠገብ ወደቀ። እዚያው አንደበቱ ተያዘ። በሦስተኛው ቀን አንድ ቃል ሳይተነፍስ አረፈ። በሰባተኛው ቀን ልጁ ዬርኪን ከቋሊማ ፋብሪካ የመጣ ነጋዴ ይዞ ግቢ ገባ። ነጋዴው ሱንካርን ጎኑን እየዳበሰ ሲዞረው፣ ጁማታይ ደሙ ፈላ።

«አንተ ልጅ! አባትህ አፈሩ ሳይደርቅ?»

«ጋሼ፣ እኔ ከተማ ነኝ፤ እናቴ ብቻዋን ናት። በረዶው እየመጣ ነው። ለማይሮጥ ፈረስ ድርቆሽ ማን ያቀርብለታል? አባቴም እኮ እንበላዋለን ነበር የሚለው።»

ልጁ ክፉ አልነበረም፤ የተናገረውም እውነት ነው። ጁማታይ መልስ ሲያጣ ውሸት አገኘ።

«አባትህ ሲወድቅ፣ አንደበቱ ሳይያዝ፣ ለእኔ ተናዝዟል። ‹ስሞት የፈረሴን ጭራ ቁረጥ› ብሎኛል።»

ጭራ መቁረጥ የቀድሞ ሰዎች ልማድ ነው፤ ሟች የሚወደው ፈረስ ጭራውና ጋማው ይሸለታል፣ የሐዘን ፈረስ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አይጋለብም፣ አይሸጥም፣ እጁንም የሚያነሳበት የለም። ለሙት ዓመቱ ግን በእንግዶች ፊት ይታረዳል። ልማዱ ከተረሳ ቆይቶ ስለነበር ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። ከሁሉ የሚታፈሩት አባባ ሙካሽ፣ «ኦሪንባሳር ወንድ ነበር!» ብለው እንባቸውን ጠረጉ። ጁማታይ የበግ መሸለቻውን አመጣና በገዛ እጁ ሸለተው። ነጋዴው ባዶ መኪናውን እየነዳ ሄደ።

ጁማታይ ያሰበው አንድ ዓመት ረጅም ነው ብሎ ነው። ፈረሱ አርጅቷል፣ በዚያ ብርድ ራሱ ይሞታል፤ ሞቱም በፈጣሪ እጅ እንጂ በሰው ቢላዋ አይሆንም ብሎ። ሱንካር ግን የሚጋልበው ሲያጣ፣ የሚያስቸግረው ሲያጣ፣ ሜዳውን ለብቻው ሲያገኘው ወፈረ! ጎኑ ላይ አራት ጣት ስብ ቆመ። ያየው ሁሉ፣ «አቤት የሙት ዓመቱ ሥጋ!» እያለ ምራቁን ይውጣል። ጁማታይ ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን እህል እምቢ አለው። እውነቱን ይናገር? በሙት አፍ የዋሸ ሰው በእኛ አገር ከሌባ ያንሳል። ሌባ እንኳ የወሰደውን ይመልሳል። ዛሬ ነገ ሲል ዓመቱ አለቀ።

በሙት ዓመቱ አራት መቶ ሰው መጣ። ሱንካር እንደ ሐዘኑ ልማድ ኮርቻው ወደ ኋላ ዞሮ ተጭኖበት፣ የኦሪንባሳር ካፖርትና ባርኔጣ ላዩ ላይ ታስሮ፣ ሴቶቹ በሚያለቅሱበት ድንኳን ፊት ተጎተተ። ሴቶቹ ሲያዩት ጩኸታቸውን አቀለጡት። ከዚያ ኮርቻው ወረደ፤ አራት ጎልማሶች ገመድ ይዘው ቀረቡ። አባባ ሙካሽ ጸሎቱን አድርሰው ቢላዋውን ለጁማታይ ዘረጉለት።

«ኑዛዜው ለአንተ ነው፤ አንተ ፈጽመው።»

ጁማታይ ቢላዋውን ተቀበለ። ፈረሱ አወቀውና አፍንጫውን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

«ኦሪንባሳር ምንም አልነገረኝም» አለ ጁማታይ።

«ምን አልክ?»

«አልነገረኝም፣ አባባ። ከወደቀ በኋላ አንድ ቃል አልወጣውም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«በሙት አፍ?»

«በሙት አፍ። ሊሸጡት ነበራ! ምን ላድርግ?»

ከኋላ አንዱ «ቱ! ይኼ ሰው ነው?» ሲል ተሰማ። አባባ ሙካሽ ቁጣ አላሰሙም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«አርባ ዓመት አምነንህ ኖርን፣ ጁማታይ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አገር ፈረስ ደረሰ አልደረሰ ብትል ሰሚ የለህም።»

«እሺ፣ አባባ» አለ። ይኼን አስቦበት ነው የመጣው። ያላሰበው ሌላ ነው። ዬርኪን ፊቱ ቀልቶ ወደ መሀል ወጣና ገመዱን ከጎልማሶቹ ተቀበለ።

«እንግዲያው ኑዛዜ ከሌለ ፈረሱ ውርሴ ነው። እንደፈለግኩ አደርገዋለሁ።»

ነጋዴውም ከእንግዶቹ መሀል ነበር፤ የባዝራ ወተቱን አስቀምጦ ቀና አለ። ጁማታይ ያኔ ነው የገባው። ያ ውሸት ለፈረሱ አጥሩ ነበር፤ አሁን አጥሩን በገዛ እጁ አፈረሰው። መሬት ላይ ተቀመጠ። ስሙንም አጣ፣ ፈረሱንም።

«ማነው ውርሴ ያለው?»

ባልሱሉ ናት፤ የኦሪንባሳር ሚስት። ነጭ የሐዘን ሻሿን እያስተካከለች ከሴቶቹ ድንኳን ወጣች።

«ፈረሱ የእኔ ነው። አባትህ ሊያጭድ በወጣ ዕለት ጠዋት፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ‹ሱንካርን ላንቺ ሰጥቼሻለሁ፤ ጥርሱ እስኪያልቅ ግቢሽ ይኑር› ብሎኛል።»

«እማዬ! አባዬ እንበላዋለን አይደል ይል የነበረው?»

«ለሰው ነዋ! ለሚስቱ የሚለውን አንተ የት ታውቃለህ?»

አባባ ሙካሽ ጺማቸውን ያዙ። «አንቺ ሴት፣ ይኼን ዓመት ሙሉ ለምን ደበቅሽ?»

«ማን ጠየቀኝ? ወንዶቹ ተናዘዘ፣ አልተናዘዘ ስትባባሉ ከረማችሁ።»

«ምስክር አለሽ?»

የሁሉም ዓይን ጁማታይ ላይ አረፈ። የዚያን ዕለት ጠዋት ኦሪንባሳርን ከበሩ የወሰደው እሱ ነው። ባልሱሉ ላም እያለበች ነበር፤ ባልዋ «ሻዩ ቀዝቅዟል» ከማለት በቀር ምንም አላላትም። ጁማታይ አፉን ከፈተ።

«እሱን አትጠይቁ» አለች ባልሱሉ። «የባሌ ወዳጅ ውሸታም መሆኑን አሁን በገዛ አፉ ነግሯችኋል።»

 የአባባ ሙካሽ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሰውየው እየሳቁ ነው።

«ኦሪንባሳር በሕይወት ሳለ ይኼን ያህል ተናግሮ አያውቅም» አሉ። «ሁለት ባዝራ አምጡ! እንግዳ ተርቧል።»

ዬርኪን እናቱን አየ፣ እንግዶቹን አየ፣ ገመዱን ጣለ።

ይኼ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። ሱንካር አሁን ድርቆሽ ማኘክ ስላቃተው ጁማታይ በየማለዳው ባልሱሉ ግቢ እየሄደ ፉርሽካ በውሃ እያራሰ ያበላዋል። እሱና ባልሱሉ ስለዚያ ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ለጁማታይ ግን አንድም ሰው ፈረስ ያመጣለት የለም፤ አባባ ሙካሽ ቢስቁም ፍርዳቸውን አላነሱም። ዘንድሮ በውድድሩ ዋዜማ የጎረቤቱ ልጅ ያላበው ፈረስ እየሳበ በፊቱ አለፈ። ጁማታይ ጣቱን ዘረጋ፤ ልጁ ግን መንገድ ቀየረ። ፈረሱ በማግስቱ የውድድሩ እኩሌታ ላይ ደክሞ ቀረ። ጁማታይ ገና እንዳልደረሰ በዓይኑ ብቻ አውቆ ነበር፤ ይኼንንም የነገረኝ እኔን ነው፣ እያለቀሰ።