ወሬው ጥቁር ግራናይት ነው ያለው

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁ ለት ማታ ዝናብ ነበር። እናቴ ማድቤት ውስጥ ቁጢጥ ብላ የመንገድ ቂጣ እየገለበጠች፣ "ሰይዶ፣ ጋቢውን ያዝ፣ ይበርድሃል" አለችኝ። ያዝኩ። ሚሌ ስንደርስ ጋቢው ራሱ አላበው። እናንተ ሐይቅ ያላችሁ ልጆች፣ ብርድ ብርድ እያላችሁ ስታማርሩ እሰማለሁ። እኔ ብርድን ካየኋት ቆየሁ፣ ካገኛችኋት ሰላም በሉልኝ።

ያወረደኝ የጭነት መኪና ሰመራ አጠገብ፣ ሎጊያ ላይ ነው የጣለኝ። መጀመሪያ ያነጋገርኩት ሰው ቤት አከራይ ነበር።

"ጋሼ፣ ቤቱ መስኮት የለውም እንዴ?"

"መስኮት ምን ያደርግልሃል? ውጭ ያለውም ያው ሙቀት ነው።"

"አልጋውስ?"

"አልጋ ውጭ ነው። እዚህ ሰው ቤት ውስጥ የሚተኛ መስሎሃል? ቤቱ ለዕቃህ ነው።"

"እኔ እኮ ዕቃ የለኝም።"

"ታዲያ ቤት ምን ሊያደርግልህ ፈለግክ?"

እውነቱን ነው። ዛሬ ያ ሰውዬ ጎማው ሲተነፍስ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ከጅቡቲ መንገድ እስከ አዋሽ እንደ ሰይድ ያለ ጎሚስታ ካለ አሳዩኝ። ትምህርቴን ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፣ ጎማ ደግሞ ዲግሪህን አምጣ ብሎኝ አያውቅም። በጎማ ብር እዚሁ ሰመራ ላይ ጅምር ቤት ገዛሁ፣ በጎማ ብር ጣሪያ አለበስኩት። አንዷ ክፍል ብቻ ቀረች፣ ኪችን ትሆናለች ያልኳት። ወለሏ አፈር፣ ግድግዳዋ ብሎኬት፣ ነዋሪዎቿ እንሽላሊቶች።

ሰዓዳን ያገኘኋት አዋሽ ነው፣ አሮጌ ጎማ ልገዛ ሄጄ። እናቷ እትዬ መዲና የባቡር ሠራተኛ ሚስት ነበሩ፣ ባልየው ከሞቱ በኋላ ጣቢያው አካባቢ ዳቦ እየጋገሩ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ጎማውን ረሳሁት፣ ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። ደጋግሜ ዳቦ ገዛሁ። በኋላ ሽማግሌ ላክሁ። እትዬ መዲና ለሽማግሌዎቹ እንዲህ አሉ፣ "ልጁ ወሬ ያበዛል እንጂ መጥፎ አይደለም። ግን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቁጢጥ ብዬ ጋግሬ ጉልበቴ አልቋል። ልጄ ቀጥ ብላ ቆማ የምታበስልበት ኪችን እስካላየሁ ሰመራ አትሄድም።"

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። ኪችን ከሌለ ሰዓዳ የለችም።

እኔም ቀስ እያልኩ እሠራ ነበር፣ ቀልዴ ባያፋጥነኝ ኖሮ። ሁመድ የሚባል አፋር ጓደኛ አለኝ፣ ፍየል ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ሱቄ ደጃፍ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ "ምን አየህ፣ ምን ሰማህ?" አለኝ። ዳጉ ይሉታል፣ አፋርና አፋር ሲገናኝ ሳይለዋወጠው አይተላለፍም። ያየኸውን የሰማኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ትናገራለህ፣ ሰሚውም እንደዛው ለሚቀጥለው ያደርሳል። እኛ ደገኞች ግን ምን አዲስ ነገር አለ ሲሉን አፋችን የመጣለትን ነው የሚናገረው። እኔም፣ "አዲስ ነገርማ ኪችን ሠራሁ። ላዩ ጥቁር ግራናይት፣ ወለሉ ነጭ፣ ፍየል ፊቷን አይታበት የምትደነግጥበት" አልኩት። ሁመድ አልሳቀም። "እሺ" ብሎ ተነስቶ ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ እትዬ መዲና ደወሉ። "ጥቁር ግራናይትና ነጭ ወለል አሉኝ፣ ማሻአላህ። ፍየሏንም ሰማሁ። ረመዳን ሳይገባ ከሰዓዳ ጋር መጥቼ አያለሁ።"

ሁመድ ለአጎቱ ልጅ ነግሮ፣ እሱ ፍየል ይዞ ገዋኔ ወርዶ ለሹፌር ነግሮ፣ ሹፌሩ አዋሽ ላይ ዳቦ ሲገዛ ለራሳቸው ለእትዬ መዲና ነግሯቸው። አንዲት ቃል አልጎደለችም።

ሁመድን ፈልጌ፣ "አንተ፣ እኔ እኮ ቀልዴን ነው" አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። "ዳጉ ላይ ቀልድ የለም ሰይድ። ወሬው በኔ ስም ነው የሄደው። ውሸት ከሆነ ነገ ሁመድ ዝናብ ዘነበ ቢል ማን ያምናል?"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"እውነት አድርገው።"

ተያይዘን ሎጊያ ዕቃ መሸጫ ገባን። ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነው፣ ይመክራል። "ለዚህ ሀገር ቡናማ ውሰድ፣ ወይ ግራጫ። ጥቁር ፀሐይ ይሰበስባል።"

"አልችልም። ወሬው ጥቁር ነው ያለው።"

"የምን ወሬ?"

"ተወው፣ ጥቁር ቁረጥልኝ።"

"ለወለሉስ? ነጭ እንዳትል። በዚህ አቧራ ነጭ ቀኑን ሙሉ ሲጠረግ ነው የሚውለው። ሊሾ አድርገው፣ ሲሚንቶ ነው፣ አይቆሽሽም።"

"ነጭ ሴራሚክ።"

አንዱን አወጣ። ለእኔ እንደ ጥርሴ ነጭ ነው። ሁመድ ወደ ብርሃን ይዞት ወጣ፣ ገለባበጠው፣ መለሰው። "ይሄ ያደረ ወተት ነው። አንተ ነጭ ነው ያልከው።"

ባለሱቁ ሌላ አወጣ። "ይሄ የግመል ወተት ነው፣ ቀረብ ብሏል" አለ ሁመድ። ባለሱቁ መጋዘኑን እስኪያገላብጥ ቆየን። በመጨረሻ የወጣው ያብረቀርቃል፣ ዓይን ያጥበረብራል። ሁመድ፣ "ይሄ ነው" አለ። ኪችኑን የሚገጥመው ሠራተኛ የግራናይቱን ከፍታ ሲጠይቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን አየር ላይ ዘርግቼ፣ "እዚህ ጋ" አልኩት።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ክሪክ ከእጄ አምልጦኝ በሩ አጠገብ አንዷን ሴራሚክ ሰነጠቃት። የእግር መጥረጊያ አነጠፍኩባት፣ ለማንም አልተነፈስኩም።

እትዬ መዲና የመጡት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ የሰመራ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ሙሉ ለሙሉ በሚገባበት ሰዓት። ሁመድ ለእንግዳ የሚታረድ ፍየል ይዞ ቀድሟቸዋል። ፍየሏን ወለሉ ላይ አቆማት። ጎንበስ አለች፣ አየች፣ አራት እግሯን አንፈራጣ ደርቃ ቀረች። ሁመድ በኩራት፣ "አያችሁ" አለ።

ሰዓዳ በሻሿ አፏን ሸፍና ትስቃለች። እትዬ መዲና ግን አልሳቁም። ቀጥ ብለው ሄደው መዳፋቸውን ግራናይቱ ላይ አሳረፉ፣ ወዲያው ሰበሰቡት።

"ሰይድ፣ ይሄ ምጣድ ነው?"

እኔም መዳፌን አሳርፌ ሞከርኩት፣ እኔም ሰበሰብኩት።

"ጥቁር ድንጋይ ፀሐይ ላይ የሚዘረጋ ሰው ምን ይባላል?"

"እማ" አለች ሰዓዳ።

"ዱቄት አለህ?" አሉኝ።

አመጣሁ። እጅጌያቸውን ሰብስበው እዚያው ቆመው አቦኩ። ሰዓዳ ዱካ አቀረበችላቸው፣ በእግራቸው ገፋ አደረጉት። ሊጡን በጎድጓዳ ሳህን አድርገው፣ ከድነው፣ ራሳቸው ምጣድ ያሉት ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ሻይ ጠጣን፣ ማለት እነሱ ጠጡ፣ እኔ ብርጭቆ ይዤ ላብ ጠረግኩ። ሲከፍቱት ሊጡ ከሳህኑ አፍ በላይ ወጥቶ ክዳኑን ተሸክሞታል።

እትዬ መዲና ሊጡን በጣታቸው ነካ አደረጉት። "አዋሽ እንኳ እንዲህ ፈጥኖ ኩፍ ብሎልኝ አያውቅም።" ቀና ብለው አዩኝ። "አውቀህ ነው ያደረግከው?"

"ወላሂ አላወቅኩም።"

"እሱማ ያስታውቃል" አሉ። "እሺ፣ ሰዓዳ ትመጣለች። ይሄ ድንጋይ ላይ ግን እኔ ስመጣ ማንም ዕቃ አያስቀምጥብኝም።" ዳቦው በስሎ ሲወጣ እንኳ እትዬ መዲና አልተቀመጡም። ሁመድ ቁራሹን ይዞ ወጣ፣ የሚነግረው ወሬ አለዋ።

አልሀምዱሊላህ፣ ኒካው ታስሯል። እናንተ ሐይቅ ያላችሁ፣ ዓሣ በሎሚ እየበላችሁ ቅኑብኝ።

ባለፈው ጁምዓ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ግራናይቱ ላወራላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ሰምቻለሁ። ባቲ ገበያ አፋሮቹ ናቸው የነገሩኝ። በሩ ጋ ያለችውን ስንጥቅ ግን ለምን አታስጠግናትም?"

ሳቅኩ። "እትዬ መዲና ቆመው ነው የጋገሩበት፣ እማ። አንቺም ነይ፣ ከእንግዲህ ቁጢጥ የለም።"

"ከፍታው እስከ ምን ድረስ ነው?"

"እስከ ወገብሽ። አስታውሼ ነው የለካሁት።"

ከጀርባዋ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ይሰማኛል። "ሰይዶ" አለች፣ "ያ ወገብ አንተ የሄድክ ጊዜ ነበር። አሁን ጎብጫለሁ፣ ዝቅ ብሏል።"

ከግራናይቱ የተረፈ ቁራጭ ነበረኝ። በማግስቱ ከመስኮቱ ርቆ፣ ጥላው ጋ፣ በሁለት ብሎኬት ላይ ዝቅ አድርጌ ሠራሁት። ሰዓዳ ምን ላስቀምጥበት ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አታስቀምጪ አልኳት።